ጠዋት የማይነሳ አሮጌ መኪና፦ ባትሪ፣ ዲናሞ ወይስ ሞተሪኖ?

ጥያቄ፦ «ከ25 ዓመት በላይ ያገለገለች፣ በካርቡራተር የምትሠራ፣ በእጅ ማርሽ የምትነዳ የቤንዚን መኪና አለችኝ። ጠዋት ቁልፉን ሳዞር ‹ጠቅ ጠቅ ጠቅ› ብላ ዝም ትላለች፤ ሰው ሲገፋልኝ ግን ወዲያው ትነሳለች። ባትሪውን በአዲስ ቀየርኩ፤ ሦስት ሳምንት ያህል ደህና ሠርታ ወደ ቀድሞ ጠባይዋ ተመለሰች። አንዳንድ ጊዜ ደግሞ ረጅም መንገድ ነድቼ ለጥቂት ደቂቃ ካጠፋኋት በኋላ ላስነሳት ስል አንድ ጊዜ ‹ጠቅ› ብላ ትቀራለች። መብራቶቿ በደንብ ስለሚበሩ ባትሪው ጤነኛ ይመስለኛል። ሞተሩ እየሠራ የባትሪውን ገመድ ነቅለን ስላልጠፋ ዲናሞውም ደህና ነው ተብያለሁ። አንዱ መካኒክ ሞተሪኖ ቀይር ይለኛል፤ ሌላው ከፍ ያለ ባትሪ ግዛ ይለኛል። የማንን ልስማ?»

መልስ፦ ለጊዜው የሁለቱንም አይስሙ። የነገሩዎት ግምት ነው፤ ግምት አንዳንዴ ይሳካል፤ ነገር ግን ከጽሑፍዎ እንደምረዳው በዚህ መኪና ላይ እስካሁን የተለካ አንድም ነገር የለም፤ የተቀየረው ባትሪ እንኳ የተቀየረው ሳይለካ ነው። በዚያ ላይ ጥያቄዎ ውስጥ እንደ ተረጋገጠ እውነት የተቀመጡ ሁለት የተሳሳቱ መደምደሚያዎች አሉ። እነሱ ካልታረሙ ከዚህ በታች የምለው ሁሉ አይያዝልዎትም።

የመጀመሪያው የመብራቱ ጉዳይ ነው። ባለ 55 ዋት ሁለት የፊት መብራቶች አብረው ሲበሩ ከባትሪው የሚወስዱት 9 አምፔር ገደማ ነው። አነስተኛ የቤንዚን ሞተር የሚያዞር ሞተሪኖ ግን እንደ ሞተሩ መጠን ከ100 እስከ 200 አምፔር ይፈልጋል፤ ከቆመበት በሚነሳባት ቅጽበት ደግሞ ከዚያም በላይ ይጠይቃል። መብራት ስላበራ ባትሪው ጤነኛ ነው ማለት፣ አንድ ጣሳ ውሃ ያነሳ ሰው ኩንታል አያቅተውም ብሎ እንደ መፍረድ ነው። መብራቱ የሚጠቅመው በሌላ መንገድ ነው፤ የፊት መብራቱን አብርተው ቁልፉን ሲያዞሩ ብርሃኑ ምን እንደሚሆን ይመልከቱ። ሊጠፋ እስኪደርስ ከፈዘዘ ወይ ባትሪው ደክሟል፣ ወይ ባትሪው ጫፍ ላይ ያለው ግንኙነት ተበላሽቷል። ብርሃኑ ምንም ሳይቀንስ ሞተሪኖው ዝም ካለ ደግሞ ኃይሉ ወደ ሞተሪኖው እየደረሰ አይደለም ማለት ነው፤ ያኔ ባትሪውን ትተው መንገዱን ይመርምሩ። ይህን ጠዋትም፣ ሞተሩ ግሎ ሳለም ለየብቻ ያድርጉት፤ ሁለቱ የተለያየ መልስ ሊሰጡዎት ይችላሉና።

ሁለተኛው ስሕተት ሞተሩ እየሠራ የባትሪውን ገመድ መንቀል ነው፤ ይህ ስሕተት ብቻ ሳይሆን ጉዳትም ያደርሳል። ባትሪው ለዲናሞው (ሞተሩ ሲሠራ ባትሪውን ለሚሞላው ክፍል) እንደ ልጓም ነው፤ በድንገት ሲነቀል የዲናሞው ቮልት ለቅጽበት በብዙ እጥፍ ሊዘል ይችላል፤ ያ ዝላይ በዲናሞው ውስጥ ያሉትን ዲዮዶች (ኃይልን በአንድ አቅጣጫ ብቻ የሚያሳልፉትን) እና ሬጉላተሩን (ቮልቱን የሚገድበውን)፣ ሬዲዮ ካለም ሬዲዮውን ሊያቃጥል ይችላል። ይህን ሁሉ አደጋ ተሸክሞ የሚገኘው መልስ ደግሞ ዋጋ የለውም፤ ሞተሩ ሳይጠፋ መቆየቱ የሚናገረው ዲናሞው እሳት ለሚሰጡት ለቦቢናና ለካንዴላ የምትበቃ ጥቂት አምፔር መስጠቱን ብቻ ነው፤ ባትሪውን በሚገባው ቮልት ይሞላል ወይ ለሚለው ጥያቄ አይመልስም። ደግመው አያድርጉት። አንዴ ስለ ተደረገ ደግሞ ዲናሞው ከዚያ በፊት ጤነኛ ነበር ቢባል እንኳ፣ ዛሬ ጤነኛ መሆኑን እንደ አዲስ ማረጋገጥ ይኖርብናል።

አሁን ወደ ድምፆቹ። በሞተሪኖው ላይ የተጫነው ሶሌኖይድ፣ ማለትም በኤሌክትሪክ የሚሳብ ማብሪያ፣ ሁለት ሥራ አለው፤ ትንሿን ጥርስ ወደ ቮላኖው (ሞተሩ ጫፍ ላይ ወዳለው ትልቅ ጥርሳም ጎማ) ይገፋል፣ ከዚያም ወፍራሙን የኃይል መስመር ያገናኛል። ባትሪው ሲደክም ሶሌኖይዱን ለመሳብ የሚበቃ ኃይል ያገኛል፤ ወፍራሙ መስመር ተገናኝቶ ሞተሪኖው መጠጣት ሲጀምር ግን ቮልቱ ይወድቅና ሶሌኖይዱ መልሶ ይለቃል፤ ሲለቅ ጫናው ስለሚቀር ቮልቱ ያገግምና እንደገና ይሳባል። ጠዋት የሚሰሙት ‹ጠቅ ጠቅ ጠቅ› ይኸው መሳብና መልቀቅ ነው፤ በአብዛኛው የኃይል ማነስ ድምፅ እንጂ የሞተሪኖ መበላሸት ድምፅ አይደለም። ነጠላው ‹ጠቅ› የተለየ ነው፤ ሶሌኖይዱ ተስቦ ባለበት ቆይቷል፣ ነገር ግን ኃይሉ ወይ በሶሌኖይዱ ውስጥ ባሉት የተበሉ የመዳብ መገናኛዎች፣ ወይ በሞተሪኖው ውስጥ ኃይል በሚያስተላልፈው ካርቦን ማለቅ፣ ወይ በተበላሸ ኬብል ምክንያት ሞተሪኖውን አላዞረም። ምንም ድምፅ ከሌለ ደግሞ ነገሩ ከቁልፉ እስከ ሶሌኖይዱ ባለችው ቀጭን ሽቦ መንገድ ላይ ነው። ሞተሪኖው እየጮኸ ቢሽከረከርና ሞተሩን ባያዞር ችግሩ ከትንሿ ጥርስ ወይም ከያዛት ክፍል ነው፤ እርስዎ ዘንድ ይህ ስለሌለ አልፈዋለሁ።

ሲገፋ ወዲያው መነሳቱ ትልቅ ማስረጃ ነው። ቤንዚን ይደርሳል፣ እሳትም አለ ማለት ነው፤ ስለዚህ ካንዴላ፣ ካርቡራተርና የቤንዚን ፖምፓ ከጥርጣሬ ይውጡ። ግፊት የሚያልፈው ሞተሪኖውንና ወደ እሱ የሚወስደውን ወፍራም መስመር ብቻ ነው።

ከሁሉም ይበልጥ የሚናገረው ግን እርስዎ እግረ መንገድዎን የጠቀሱት «ሦስት ሳምንት» ነው። አንድ ባለ 45 አምፔር-ሰዓት አዲስ ባትሪ ውሰዱ፤ አምፔር-ሰዓት አንድ አምፔር በአንድ ሰዓት ውስጥ የሚወስደው የኃይል መጠን ነው። ዲናሞው ከናካቴው የማይሞላ ቢሆን ኖሮ፣ ካንዴላው፣ መብራቱና የዝናብ መጥረጊያው ብቻ በጥቂት ቀናት ውስጥ ያደርቁት ነበር። መኪናው ቆሞ ሳለ ከባድ የኃይል መፍሰስ ቢኖር፣ ለምሳሌ 1 አምፔር የሚጠጣ ነገር ቢኖር፣ በየቀኑ 24 አምፔር-ሰዓት ስለሚሄድ ሁለት ቀን እንኳ ባልቆየ። በሦስት ሳምንት የሚያልቅ ባትሪ ግን በቀን ከአንድ ተኩል እስከ ሁለት አምፔር-ሰዓት ገደማ የሚጎድልበት ባትሪ ነው፤ የሚገባው ከሚወጣው ጥቂት ያነሰ ነው፣ ጉድለቱም ይጠራቀማል። እንግዲህ የምንፈልገው ድንገተኛ ሞት ሳይሆን ቀስ በቀስ የሚያከሳ ነገር ነው። አዲሱ ባትሪ አጥፊ ሳይሆን ተጎጂ ነው፤ ሌላ አዲስ ባትሪ ቢገዙም ከሦስት ሳምንት በኋላ እዚሁ ይገናኛሉ።

ከፍ ያለውን ባትሪ በተመለከተም ይኸው ስሌት ይሠራል። ከ45 ወደ 60 አምፔር-ሰዓት ቢያሳድጉ በየቀኑ የሚጎድለው አይለወጥም፤ ሦስቱ ሳምንት አራት ይሆናል፣ ባዶ የሆነውን መሙላት ደግሞ ረዘም ይላል። በሌላ በኩል «ትልቅ ባትሪ ሞተሪኖ ያቃጥላል» የሚለው ወሬም ልክ አይደለም፤ ቮልቱ ያው 12 እስከሆነ ድረስ ሞተሪኖው የሚስበው የሚያስፈልገውን ያህል ነው። ትልቁ ባትሪ ቦታው ላይ በደንብ ከተቀመጠና ከታሰረ አይጎዳም፤ ለእርስዎ ችግር ግን መድኃኒት አይደለም።

ወደ መለካት እንምጣ። የሚያስፈልግዎት ቮልትና አምፔር የሚለካ አንድ ተራ ቴስተር ነው። መጀመሪያ ባትሪውን ከመኪናው ውጭ በቻርጀር ይሙሉት፤ ባትሪው ከሚይዘው አንድ አሥረኛ በሆነ አምፔር፣ ማለትም ለ45 አምፔር-ሰዓት በ4.5 አምፔር ገደማ፣ ፈጽሞ ባዶ ከነበረ ከ10 ሰዓት በላይ ይፈጃል። ብዙ ሰው ግማሽ ሰዓት መንዳት ባትሪ የሚሞላ ይመስለዋል። በአንድ ጊዜ የተሳካ ማስነሳት የሚወጣው ጥቂት ነው፤ 150 አምፔር ለ3 ሰከንድ ቢፈስ ከ0.13 አምፔር-ሰዓት አይበልጥም፤ ይህን ዲናሞው በደቂቃዎች ይመልሰዋል። ባዶ ባትሪ ግን ሌላ ነገር ነው፤ ሲሞላ የሚቀበለው አምፔር እየቀነሰ ስለሚሄድ የመጨረሻው ክፍል ሰዓታት ይጠይቃል፤ ዲናሞም የተሠራው የጎደለውን ለመተካት እንጂ የሞተውን ለማስነሳት አይደለም። ባዶ ሆኖ የሰነበተ ባትሪ ደግሞ በእርሳስ ሰሌዳዎቹ ላይ የሚፈጠረው የሰልፌት ክሪስታል እየደረቀ ስለሚሄድ ከአቅሙ የተወሰነውን ለዘለቄታው ያጣል። የእርስዎ አዲስ ባትሪ ባዶ በቆየ ቁጥር ይህ እየደረሰበት ነው፤ ስለዚህ ቻርጁን ነገ ዛሬ አይበሉ።

ከሞላ በኋላ ወዲያው አይለኩት። ቻርጀር የተነቀለለት ባትሪ ለጊዜው የውሸት ከፍታ ያሳያል፤ ለብዙ ሰዓታት፣ ቢቻል አንድ ሌሊት፣ ምንም ሳይነካው ይደር። ጤነኛ ሙሉ ባትሪ ከ12.6 እስከ 12.7 ቮልት ያሳያል፤ ስድስት ክፍሎች ስላሉትና እያንዳንዱ 2.1 ቮልት ገደማ ስለሚሰጥ ነው። 12.4 ሦስት አራተኛ፣ 12.2 ግማሽ፣ 12.0 አንድ አራተኛ ገደማ ነው። 12 ቮልት ሲያዩ «ባለ 12 ቮልት ነው፣ ልክ ነው» የሚሉ ሰዎች ብዙ ናቸው፤ 12.0 የሚያሳይ ባትሪ ግን ሊያልቅ የቀረበ ባትሪ ነው። ሞልቶ አድሮም 10.5 አካባቢ የሚያሳይ ከሆነ አንዱ ክፍል ሞቷል፤ ቻርጅ አያድነውም።

ቀጥሎ ያለው ፈተና እኔ ከሁሉ የምወደው ነው፤ ከቴስተርና ከትዕግሥት ሌላ ምንም አይጠይቅም። አርፎ የተለካውን የባትሪ ቮልት ይጻፉ፤ ባትሪውን ከመኪናው ጋር ሳያገናኙ 24 ሰዓት ያቆዩትና እንደገና ይለኩ። ከዚያ እንደገና ሞልተው፣ አሳርፈውና መኪናው ላይ አስረው፣ መኪናውን ሳይነዱ ሌላ 24 ሰዓት ያቁሙና ይለኩ። ተለያይቶ ቆይቶ 0.1 ቮልትና ከዚያ በላይ ከወረደ ባትሪው ራሱን በራሱ እየጨረሰ ነው፤ ይቀየራል። ተለያይቶ ሳይወርድ፣ ታስሮ ግን 0.2 ቮልት ያህል ከወረደ መኪናው ተኝቶ ሳለ እየጠጣበት ነው። በሁለቱም ካልወረደ ደግሞ ጉድለቱ የሚፈጠረው ሲነዱ ነው፤ ማለትም ዲናሞው ወይም የእሱ መንገድ ነው። ከሦስቱ የትኛው እንደሆነ ሳያውቁ የሚገዛ ዕቃ ሁሉ ቁማር ነው።

መኪናው እየጠጣ ከተገኘ፣ ኔጋቲቩን ነቅለው በገመዱና በባትሪው ጫፍ መካከል ቴስተሩን በ10 አምፔር መሰኪያ ያስገቡ። በሮቹ ይዘጉ፣ ቁልፉ ይውጣ። ቴስተሩ በዚህ መልክ ታስሮ ሳለ ቁልፉን በፍጹም አያዙሩ፤ የሞተሪኖው አምፔር የቴስተሩን ፊውዝ ወዲያው ያቃጥለዋል፣ ቴስተሩንም ሊወስደው ይችላል። በዚህ ዕድሜ ላይ ያለች መኪና ከሰዓትና ከሬዲዮ ማስታወሻ በስተቀር የምትጠጣው ሊኖር አይገባም፤ ከ50 ሚሊአምፔር በላይ ካዩ ፊውዞቹን አንድ በአንድ እየነቀሉ ቁጥሩ የሚወርድበትን ያግኙ። ኮፈን ወይም የኋላ ዕቃ ማስቀመጫ ሲዘጋ የማትጠፋ ባለ 5 ዋት አንዲት አምፖል ብቻ 0.4 አምፔር ትወስዳለች፣ በአንድ ሌሊት 5 አምፔር-ሰዓት ማለት ነው። በእኔ ልምድ ግን ዋናዎቹ ተጠርጣሪዎች ፋብሪካው የሠራቸው ሳይሆኑ በኋላ ሌላ እጅ የቀጠላቸው ናቸው፤ ያለ ፊውዝ የታሰረ አላርም፣ ከቁልፉ ጋር ሳይሆን በቀጥታ ከባትሪው የተጎተተ ቴፕ። የትኛውንም ፊውዝ ቢነቅሉ ቁጥሩ የማይወርድ ከሆነ የዲናሞውን ወፍራም ሽቦ ያላቅቁ፤ ይህን ከማድረግዎ በፊት ባትሪውን ሙሉ በሙሉ መለየት ግዴታ ነው፤ ያ ሽቦ ሁልጊዜ ኃይል አለው። ከተላቀቀ በኋላ ጫፉን ጠቅልለው እንደገና ሲለኩ መጠጣቱ ከቆመ ዲዮድ ተበላሽቷል፤ ምናልባትም ያ የገመድ መንቀል ፈተና ትቶት የሄደ ጉዳት ነው።

ሙሊቱን፣ ማለትም ዲናሞው ባትሪውን መሙላቱን፣ መለካት ቀላል ነው። ሞተሩን አስነስተው ጥቂት ደቂቃ ከሠራ በኋላ፣ ከተራ ዙር ትንሽ ከፍ አድርገው በባትሪው ጫፎች ላይ ይለኩ፤ ከ13.8 እስከ 14.5 ቮልት መገኘት አለበት። ከዚያ የፊት መብራቱን፣ የአየር ማራገቢያውንና የዝናብ መጥረጊያውን አብረው ይክፈቱ። ቁጥሩ ትንሽ ቢወርድ የተለመደ ነው፤ ከ13.3 በታች ከሄደና ዙር ሲጨምሩም ካልተመለሰ ግን ሙሊቱ ደካማ ነው። ከ15 በላይ ከወጣ ሬጉላተሩ ልጓሙን ለቋል፤ ባትሪውን ቀቅሎ ውሃውን ያደርቀዋል፤ በቶሎ ይታረም። ደካማ ሙሊት ሲገኝ ወዲያው ዲናሞ መግዛት የለም። ቺንጋውን፣ ማለትም ዲናሞውን የሚያዞረውን ቀበቶ፣ ይመልከቱ፤ በረጅሙ ክፍል መሀል በአውራ ጣት ሲጫኑት አንድ ሴንቲሜትር ገደማ መጎንበስ አለበት፤ ከላላ ወይም ገጹ እንደ መስታወት ካንጸባረቀ ሲጫንበት ይንሸራተታል። የዳሽቦርዱን የባትሪ መብራትም ይመልከቱ። ብዙ ሰው ይህች መብራት ካልበራች ሁሉ ደህና ነው ይላል፤ ነገር ግን ቁልፉ ተከፍቶ ሞተሩ ሳይነሳ መብራት አለባት። በዚህ ዕድሜ ባሉ ብዙ መኪኖች ዲናሞው ሥራ የሚጀምረው በዚህች አምፖል በኩል በሚደርሰው ትንሽ ኃይል ስለሆነ፣ አምፖሏ ከተቃጠለች ዲናሞው ዙር ከፍ እስኪል መሙላት ላይጀምር ይችላል። የአንዲት አምፖል ጉዳይ ሆኖ ሳለ ዲናሞ ሲቀየር አይቻለሁ።

አሁን ከሁሉም ወደሚረሳው ነገር ደርሰናል፤ ወደ ኬብሎቹ። 150 አምፔር በሚፈስበት መንገድ ላይ አንድ መቶኛ ኦም (ኦም የኤሌክትሪክ እንቅፋት መለኪያ ነው) የምታክል እንቅፋት ብትኖር 1.5 ቮልት ትበላለች። ይህን እንቅፋት ዓይን አያየውም፤ ቴስተርም በተለመደው የኦም መለኪያ በአስተማማኝ ሁኔታ አያገኘውም። የሚታየው ጫና ሲኖር ብቻ ነው፤ ስለዚህ የሚለካው ሞተሪኖው ሲዞር ነው። ማርሹን ነጻ አድርገው፣ የእጅ ፍሬን ስበው፣ ሞተሩ እንዳይነሳ ወደ ቦቢናው የሚሄደውን ቀጭን የኃይል ሽቦ ነቅለው ጫፉን ይሸፍኑ። አንድ ረዳት ቁልፉን ሲያዞር የቴስተሩን አንድ ጫፍ በባትሪው ኔጋቲቭ እርሳስ ላይ፣ በኬብሉ መንከሻ ላይ ሳይሆን በእርሳሱ በራሱ ላይ፣ ሌላውን ጫፍ ቀለምና ዘይት በሌለበት የሞተሩ ብረት ላይ ያድርጉ። ቴስተሩ ከ0.2 ቮልት በላይ ማሳየት የለበትም። ከዚያ ከባትሪው ፖዘቲቭ እርሳስ እስከ ሞተሪኖው ወፍራም ብሎን ድረስ ይለኩ፤ እዚያ እስከ 0.5 ቮልት ይፈቀዳል። ከዚህ የበለጠ ካዩ ጥፋተኛውን ይዘዋል፤ ጫፎቹን እያቀራረቡ በመለካት የትኛው መጋጠሚያ ላይ እንደሆነ ይለያሉ። ቁልፉ በአንድ ጊዜ ከ10 ሰከንድ በላይ አይያዝ፤ በሙከራዎች መካከልም ሞተሪኖው ቢያንስ አንድ ደቂቃ ይረፍ።

በዚህ ዕድሜ ላይ ባለ መኪና የኔጋቲቭ መስመር ከፖዘቲቩ ይልቅ ይበላሻል። ከባትሪው ወደ ቦዲው፣ ከቦዲው ወደ ሞተሩ በሚሄደው ኬብል ጫፍ ሥር ዝገትና ቀለም ይገባል፤ ኬብሉም ከላይ ደህና መስሎ በሽፋኑ ውስጥ አረንጓዴ ዱቄት ሆኖ ሊገኝ ይችላል። ሲነካ የጠነከረ ወይም ያበጠ ኬብል፣ ከጥቂት ሙከራ በኋላ አንድ ቦታ ላይ የሚግል መጋጠሚያ፣ ራሱን የሚያጋልጥ ነው። መጀመሪያ ላይ የጠዋቱና የግለቱ ችግር ሊለያዩ ይችላሉ ያልኩት ትክክል ነው፤ ሁለቱ ሊገናኙ የሚችሉበት ቦታ ግን ይህ ነው። ዲናሞው የታሰረው በሞተሩ ላይ ስለሆነ የሚሰጠው ኃይልም ወደ ባትሪው የሚመለሰው በዚሁ የኔጋቲቭ ኬብል ነው። የተበላሸ ኬብል ሲነሱ ከሞተሪኖው፣ ሲነዱ ከሙሊቱ ይቀንሳል፤ በአጭር ጉዞ ላይ ይህ መቀነስ ባትሪው ሳይሞላ እንዲያድር ይበቃል።

ሞተሩ ሲግል ነገሩ ለምን ይብሳል ለሚለው፣ የመዳብ ሽቦ ግለቱ በአንድ ዲግሪ ሴንቲግሬድ በጨመረ ቁጥር እንቅፋቱ 0.4 በመቶ ገደማ ይጨምራል። ከጭስ ማውጫው አጠገብ የተቀመጠ ሞተሪኖ ሞተሩ ከጠፋ በኋላ ባሉት ደቂቃዎች ነፋስ ስለማያገኝ ይበልጥ ይግላል፤ በ60 ዲግሪ ከጨመረ የሽቦዎቹ እንቅፋት በሩብ ያህል ያድጋል። ኬብሉ ጤነኛ ከሆነ ይህ አይታወቅም፤ ጠርዝ ላይ ያለ መኪና ግን በዚህች ሩብ ይቆማል። ሌላው የግለት ምክንያት ወደ ሶሌኖይዱ የምትሄደዋ ቀጭን ሽቦ ናት። በቁልፉ ውስጥ አልፋ፣ ዳሽቦርዱን ዞራ፣ ብዙ መጋጠሚያ ተሻግራ ነው የምትደርሰው። ችግሩ በተከሰተበት ሰዓት ቁልፉ ተዞሮ ሳለ በሶሌኖይዱ ትንሽ መሰኪያ ላይ የሚገኘው ቮልት ከባትሪው በዚያው ቅጽበት ካለው ከ1 ቮልት በላይ ካነሰ ብዙውን ጊዜ የቁልፉ ውስጥ ያረጀ መገናኛ ነው፤ ቁልፉን ቀይሮ ወይም ሪሌ (በትንሽ ኃይል ትልቁን የሚያገናኝ ማብሪያ) አስገብቶ ይፈታል። ሞተሪኖውን በቀስታ መታ ሲያደርጉት የሚነሳ ከሆነ ደግሞ ካርቦኑ አልቋል፤ ይህ ቤት የሚያደርስ ዘዴ ነው፣ ልማድ አይሁን።

የቴስተር አቅም ወሰን አለው። 12.6 የሚያሳይ ባትሪ ጫና ሲያገኝ ሊወድቅ ይችላል፤ ሞተሪኖው ሲዞር በባትሪው ጫፎች ላይ ያለው ቮልት በተራ የአየር ሙቀት ከ9.6 በታች ከወረደ ባትሪው አቅም የለውም፣ ወይም ሞተሪኖው ከልክ በላይ እየጠጣ ነው። ሁለቱን የሚለየው ጤነኛነቱ የታወቀ ሌላ ባትሪ ለጥቂት ደቂቃ አስሮ መሞከር ነው። ክዳኑ የሚከፈት ባትሪ ከሆነ የአሲዱን ክብደት ከውሃ ጋር በሚያነጻጽረው በሃይድሮሜትር እያንዳንዱን ክፍል መለካት ይቻላል፤ ሙሉ ሲሆን 1.265 አካባቢ መሆን አለበት፤ በክፍሎቹ መካከል ከ0.05 በላይ ልዩነት ካለ ባትሪው አብቅቷል። ውሃው ከጎደለ የሚጨመረው የተጣራ ውሃ ብቻ ነው፤ አሲድ መጨመር ቁጥሩን ያሳምራል፣ ሰሌዳዎቹን ግን ይበላል።

ሦስት ጥንቃቄዎችን ሳልናገር አላልፍም። ባትሪ ሲሞላ የሚፈነዳ የሃይድሮጅን ጋዝ ያወጣል፤ በዝግ ክፍል አይሙሉት፣ ሲጋራና ብልጭታም አይቅረበው። ሲፈቱ ኔጋቲቩን መጀመሪያ፣ ሲያስሩ መጨረሻ ያድርጉ፤ መፍቻዎ ፖዘቲቩን ሲፈታ ቦዲውን ቢነካ ምንም እንዳይፈጠር ነው። ከሌላ መኪና በኬብል ሲያስነሱም የመጨረሻዋን የኔጋቲቭ መንከሻ በሞተው ባትሪ ላይ ሳይሆን ራቅ ባለ የሞተሩ ብረት ላይ ይንከሱ።

እንግዲህ ምክሬ ቁርጥ ያለ ነው። ሞተሪኖም ባትሪም አይግዙ። በዚህ ሳምንት ባትሪውን በቻርጀር ሞልተው የ24 ሰዓቱን ፈተና በሁለቱም መንገድ ያድርጉ፤ ባትሪው ወጥቶ ሳለ ከባትሪው ወደ ቦዲውና ወደ ሞተሩ የሚሄዱትን የኔጋቲቭ ኬብሎች በአዲስና ወፈር ባለ ይቀይሩ፤ የሚታሰሩበትን ብረት እስኪያበራ ድረስ ይፋቁት፣ የባትሪውን እርሳስ ጫፎችና መንከሻዎቹንም አብረው ያጽዱ። ቢበላሽም ባይበላሽም እላለሁ፤ በዚህ ዕድሜ ላይ ይህ ኬብል ሊቀየር የሚገባው ዕቃ ነው። ከዚያ ሙሊቱን ለክተው ከ13.8 በታች ከሆነ ከቺንጋው፣ ከአምፖሏ፣ ከዲናሞው ወፍራም ሽቦ መጋጠሚያ ጀምረው ወደ ዲናሞው ይግቡ። ሞተሪኖው የሚወርደው ባትሪው 12.6 ይዞ፣ ቁልፉ ተዞሮ ሳለ በሞተሪኖው ወፍራም ብሎን ላይ ከ10 ቮልት በላይ እየደረሰ፣ ትንሽ መሰኪያውም ድርሻውን እያገኘ፣ ሞተሪኖው ግን አልዞርም ሲል ብቻ ነው። ያን ጊዜም ሙሉውን ከመቀየር በፊት ካርቦኑን፣ ብሮንዚኖቹን (ዘንጉ የሚሽከረከርባቸውን ቀለበቶች) እና የሶሌኖይዱን መገናኛዎች ብቻ እንዲያድሱልዎት ይጠይቁ።